ያዢ ያለችኝ ስም

እናቴን ከቀበርን በኋላ ለሠላሳ ስድስት ቀን ፍትሐት ስናስደርግ የቆየነው በሌላ ሴት ስም ነው። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ካህኑ ጠየቁኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። የሚገርመው ደግሞ እኔ ጸሎት የትም ይደርሳል ብዬ የማላምን ሰው መሆኔ ነው። ለማይደርስ ደብዳቤ አድራሻው ቢሳሳት ምን ይጎዳል? ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩትም። እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲዞር ሁሉም ሰው ሳይነጋገር መስኮቱን የሚዘጋበት ሰፈር። ከጎረቤት የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ሰው እንጂ ወሬ አያግድም። ግቢው ጥግ ላይ ሰማያዊ የውሃ በርሜል አለ። እናቴ ማለዳ ማለዳ የምትቆመው እዚያ በርሜል አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ነበር። በምሥራቅ በኩል ፎቅ ከተሠራ ወዲህ የምታየው ሰማይ ሳይሆን ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ቦታ ቀይሪ ብላት እንቢ አለች። «ፀሐይዋ ከኋላው አለች አይደል፤ የት ትሄዳለች» አለችኝ።

የእናቴ ጸሎት ስም መጥራት ነበር። ጎጃም ተወልዳ፣ እዚህ አርጅታ፣ ፊደል ሳትቆጥር የኖረች ሴት ናት። ሰው ሁሉ ግን በክርስትና ስሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰልፎ ተቀምጧል። እንደምታውቁት በታክሲና በቀበሌ የምንጠራበት ስም ሌላ ነው፣ ስንጠመቅ የሚወጣልን ሌላ። የክርስትና ስም ለጸሎት ነው፤ በየመንገዱ አይዘራም። ቤተሰብ እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ። እሷ ግን የሰው ሁሉ ስም ነበራት። አንድ ሰው ችግሩን ሲያጫውታት መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ «የክርስትና ስምህ ማነው?» ትላለች፤ በማግስቱ ሰውየው ሰልፉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ። ከሞቱት ትጀምራለች፤ ወደ ታመሙት ትመጣለች፤ ከዚያ መንገድ የወጡ፣ ከዚያ ቆሼ ላይ ፕላስቲክ የምትለቅም አንዲት ወዳጇ፣ ከዚያ ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች። ስለ ራሷ ስትለምን «እኔን ባሪያህን» ብቻ ነው የምትለው፤ ስም የላትም። መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ። ስሜ ላይ ስትደርስ ድምጿ አይለሰልስም፣ አይቆምም፤ እንደማንም ጠርታኝ ታልፍና የበርሜሉን ክዳን ከፍታ ፊቷን ትታጠባለች። ስሜ፣ ክዳኑ፣ ውሃው። ዕድሜ ልኬን የነቃሁት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

እምነቴ እንዴት እንደሄደ ብትጠይቁኝ የማወራው ታሪክ የለኝም፤ ታሪክ ለምወድ ሰው ይህ ያበሳጫል። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ልብስ ስፌት ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከኪራይ መጽሐፍና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ግን መጽሐፍ አይደለም ያስካደኝ። የደረሰብኝ ክፉ ነገርም የለም። አንድ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ፣ በስልክ ብዙ ካወራችሁ በኋላ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው መስመር ላይ እንደሌለ የምታውቁበት ጊዜ አለ አይደል? እንደዚያ ሆነብኝ። ሄሎ አልኩ። ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለእናቴ የነገርኳት ጎመን ስትቀነጥስ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ማመን ትቻለሁ።»

ቀና አላለችም። «ከመቼ ወዲህ?»

«እንጃ። ቆይቷል መሰለኝ።»

«ጾሙንስ?»

«ጾሙን እጾማለሁ። ሁለት ድስት ላስጥድሽ ነው?»

«በይ ደግ» አለች። «ያንቺን ድርሻ እኔ እይዘዋለሁ። ይህን ጎመን እጠቢ።»

አለቀ። እኔ ስንት ቀን ያልተኛሁበት ነገር ከጎመኑ በፊት አለቀ። አንዳንዴ ግን እኔ ነኝ የምቆሰቁሳት። አንድ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ወቅት፣ ከበርሜሉ ስትመለስ እጇ ሰማያዊ ሆኖ አየሁና «ማን የሚሰማሽ መስሎሽ ነው?» አልኳት። ተገርማ አየችኝ። «አንቺ አልጋሽ ውስጥ ሆነሽ ትሰሚኝ የለም እንዴ? እንግዲህ ከአንድ ጀመርኩ።»

የሚሰማት ሌላም ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን። የወንጌል አማኝ ናት፤ በዕድሜ እኔን ታህላለች፤ እናቴ «የኔ ጴንጤ» ነው የምትላት። እሷም የምትጸልየው በዚያው ሰዓት ነው፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። የኔ እናት ስሞቹ ማዶ በማይለዩበት ሹክሹክታ፣ እሷ በጩኸት፣ መሃላቸው ቆርቆሮ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ» ትላታለች እናቴ። «እሱ ደንቆሮ አይደለም።»

«እትዬ፣ እርስዎስ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት ምን አለበት? እንቅልፍ እንዳይወስደው።»

ሁለቱም ይስቃሉ፤ ወደየጸሎታቸው ይመለሳሉ።

በዚያ ዘመን ጸሎት ምን እንደሆነ የገባኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ ማለዳ የጠራችውን ሰው ቀን ትፈልገዋለች። የቆሼዋን ወዳጇን ስም የጠራች ቀን ረፋዱ ላይ ሽሮ በፌስታል ቋጥራ ስትወጣ ታገኟታላችሁ። ለምን ስላት «ስሟን ጠርቼ ዝም ብል ያሳፍረኛል» አለችኝ። ታዲያ ይኼ ነው አልኩ በልቤ። ጸሎት ሰው እንዳይረሳ የሚደረግ ብልሃት ነው። ልብ ላይ ክር ማሰር ነው። ሰማይ ቤት ማንም ባይኖርም ይሠራል። ይህን ሐሳብ ከማንም አልተዋስኩትም፤ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ያሰብኩት የራሴ ነው፤ ኮርቼበትም ነበር።

ባለፈው መስከረም፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የስፌት ሱቄ አፉ እስኪሞላ ዩኒፎርም ተቆልሎ ሳለ እናቴ በታክሲ መጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ጉልበቷን ያማታል፤ ፌርማታው ደግሞ ሩቅ ነው። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ትንሽ ተነፈሰች።

«የክርስትና ስሜን ልነግርሽ ነው የመጣሁ። ያዢልኝ» አለችኝ።

«ቆዪ እማዬ፣ እጄ ተይዟል።»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናው አልቆመም። ዩኒፎርም ልትወስድ የቆመች እናት ነበረች፣ እያየችን። እሷን ላስቅ ብዬ ይሁን፣ ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፣ «ደግሞስ ምን ይሆነኛል? የምጸልይ መስሎሽ ነው?» አልኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። እናቴም ፈገግ አለች።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች። «ለማይጠራው ሰው ስም ምን ያደርግለታል።»

አልተቆጣችም። የተቆጣች ብትሆን ትዝ ይለኝና እመለስበት ነበር። ቀሚሷ ላይ የተለጠፈውን ክር አንድ በአንድ ለቅማ ወለሉ ላይ ጣለች፤ ሻይ ላስመጣልሽ ስላት ቸኩያለሁ አለች። ውጭ ረዳቱ «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» ይላል። ታክሲው ውስጥ ገብታ ሄደች። እኔ ዩኒፎርሙን ጨረስኩ። ማታ ቤት ስገባ አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን አርፌ እጠይቃታለሁ ብዬ ነው። ሰው እናቱን የሚያስቀምጣት አንድ ቀን ላይ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተች። ስኳሩ ነው፣ ከዚያም ኩላሊቷ፤ ብዙም አላቆያት። ድንኳኑ ላይ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሰው ብዙ ነበር፤ ስማቸውን ስትጠራ የሰማኋቸው ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ እኔ የማውቃቸው በመልክ አይደለም። ካህኑ መጥተው ጎንበስ አሉና «የክርስትና ስማቸው ማነው?» አሉኝ።

ዞር ዞር አልኩ። ወንድም እህት የለኝም። የንስሐ አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል፤ ሌላ ሳትይዝ ቀረች። ክርስትና ያነሳቻት ሴት የዛሬ ስንት ዓመት ጎጃም አፈር ሆናለች። ያን ሁሉ ሰው በስሙ ስትጠራ የኖረች ሴት ተኝታለች፣ የሷን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቧ የለም። ካህኑ ይጠብቃሉ። አላውቀውም ማለት አቃተኝ። ልጅ ሆኖ አላውቅም ማለት ሰው ፊት ራቁት መቆም ሆነብኝ። ብዙ ሴት የሚጠራበትን አንዱን ስም አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ስሙ ሲጠራ የሰማሁት ዝናቡ ውስጥ ነው። እናቴን አላየኋትም። ሌላ ሴት አየሁ፤ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ የማይታየኝ፣ እናቴ በተኛችበት ተኝታ።

ያ የኮራሁበት ሐሳብ እዚህ ላይ ከዳኝ። ጸሎት ማስታወስ ብቻ ከሆነ፣ እኔ እናቴን አልረሳኋትም፤ ማን ብለው ቢጠሯት ምን አገባኝ? በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው ያ ስም ሲጠራ ግን እንዲህ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው በሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እያያችሁ፣ በሩ ይኼ አይደለም ማለት እንዳቃታችሁ። የሚንኳኳው ቤት ውስጥ ሰው አለ ብዬ አይደለም። የለም ነው የምለው። ግን እሷ ስንቱን ሰው በትክክለኛው ስሙ ስታንኳኳለት ኖራ፣ ለሷ ሲሆን በሩን ማሳሳት ግፍ ነው።

ልብ በሉ፣ ለማንም አልነገርኩም። አርባዋ እየቀረበ መጣ። አርባ ትልቅ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ካላቀናሁት የማቀናው አይመስለኝም ነበር። የጽዋ ማኅበሯን ሴቶች በዘዴ ጠያየቅሁ፤ ሁሉም የሚያውቋት በሰፈር ስሟ ነው። ጎጃም ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳው የአጎቴ ልጅ ከኔ ብሶ ግራ ተጋባ።

አራት ቀን ሲቀር ዝናቡ ፋታ ሰጠና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ጎረቤቴም በወዲያኛው በኩል ታጥባለች፤ የውሃዋ ድምፅ ይሰማል።

«አርባዋ ደረሰ አይደል?» አለችኝ በቆርቆሮው በላይ።

«አራት ቀን ቀረው።»

«እኔስ ምን እንደምሆን አላውቅም» አለች። «እኛ ጋ ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ ወንድሞች ቢሰሙኝ ይቆጡኛል። አልለምንላትም፤ ስለሷ ጌታን አመሰግናለሁ እንጂ። ግን ማለዳ ስሟን መጥራት ምላሴ ለምዷል፣ እንቢ አለኝ።» ከዚያም ስሟን ጠራችው።

የጠራችው እናቴን የምናውቅበትን ስም አይደለም።

የያዝኩት አንሶላ ጭቃው ላይ ወደቀ። «ማን አልሽ?»

ደገመችልኝ። እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስም በየመንገዱ አይዘራም ብያችኋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ለመጠንቀቅ ምክንያት አለኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ናታ። መስከረም ላይ፣ ጉልበቷ እያመማት በሬ ድረስ መጥታ። ከልጄ ሱቅ መምጣቴ ነው አለችኝ። እንግዲህ የምትጸልዪልኝ ከሆነ በሰፈር ስሜ አትጸልዪ፣ ይኸውልሽ ስሜ አለችኝ። እኔም እትዬ፣ ጌታ እኮ ሁሉንም ያውቃል አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹እሱስ ያውቃል፤ የማታውቂው አንቺ ነሽ› አለችኝ።»

ያው ቀን ነው። ያው ታክሲ። የኔ እጅ ተይዟል ብላ፣ ክሯን ለቅማ፣ የተሸከመችውን የሚቀበላት ሰው ፍለጋ የሌላ እምነት ሰው በር አንኳኳች። በኔ ቅር ሳይላት አልቀረም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አሁን ግን ሌላም አስባለሁ፤ ስሟ የሚቀመጥበት አፍ እንጂ ሃይማኖት አልነበረም የምትፈልገው።

በማግስቱ ሱቄን ቀድሜ ዘግቼ ካህኑ ዘንድ ሄድኩ። ፍልሰታ ገብቷል፤ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ «አባ፣ የነገርኩዎት ስም የእናቴ አይደለም» አልኳቸው።

ቆም አሉ። «የማን ነው ታዲያ?»

«የማንም። አላውቀውም ማለት አፍሬ ነው።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። «እኛስ ይህን ሁሉ ቀን ማንን ስንጠራ ቆየን?» አሉ፤ እኔን የሚጠይቁ አይመስሉም።

«አላውቅም አባ።»

ደብተራቸውን ከካባቸው ውስጥ አወጡ፤ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር ነው። ትክክለኛውን ስም ነገርኳቸው፤ እስክሪብቶው እንቢ ብሏቸው መዳፋቸው ላይ ሞክረው ጻፉት። እኔ የፈጠርኩት ስም ከበላዩ አለ።

«እሱን አይሰርዙትም?» አልኳቸው።

«ለምን? በዚህ ስም የምትጠራ፣ አስታዋሽ የሌላት አንዲት ሴት አትጠፋም። ሳታውቂ ሠላሳ ስድስት ቀን አስጠርተሻታል። አሁን እንዴት ብዬ ላስወጣት?» ደብተሩን ሳይዘጉ አዩኝ። «ያንቺስ ማነው?»

«እኔ አላምንም፣ አባ።»

«ስምሽን ነው የጠየቅኩሽ፣ ልጄ።»

ስሜን አውቀዋለሁ። በየማለዳው ሰምቼዋለሁ፣ ከውሃው ድምፅ በፊት። አፌ ላይ መጣ፤ ግን አልወጣም። ሐሰተኛ ስም በአንድ ትንፋሽ የሰጠሁ ሴት እውነተኛውን መስጠት ከበደኝ። እሳቸውም አላስጨነቁኝም፤ «ሲመችሽ» ብለው ደብተሩን ዘጉ።

የአርባዋ ቀን ከኋላ ቆምኩ። ስሞች ተጠሩ። ያቺ የማላውቃት ሴት ተጠራች፤ ቀጥሎ እናቴ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የፈጀው። ሰማይ አልተከፈተም፤ ልቤም አልተለወጠም፤ መስመሩ ላይ ማንም አልመጣም። ግን ትክክለኛው በር ሲንኳኳ ቀለለኝ። ለምን ብትሉኝ አሁንም አላውቅም። ጸሎት ማስታወስ ነው የሚለው ሐሳቤ አይበቃም፤ ጸሎት ይሰማል የሚለውም ለኔ አልሆነም። በሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ እናቴ ቆማለች፣ ፊቷን ወደ ብሎኬቱ አዙራ።

የሚያሳድደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ማለዳ በዚያው ሰዓት እነቃለሁ። የምጠብቀው ነገር እንዳለ ሰውነቴ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የምዘገየው። ጸጥ ይላል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ትጮሃለች፣ ቀስ በይ የሚላት የለም። ከዚያ ውሃ ሊመጣ ይገባል፤ አይመጣም። አንድ ቀን ተነስቼ ወጣሁና ክዳኑን ራሴ ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ። ውሃው ያው ውሃ፣ ድምፁም ያው። ግን ከፊቱ የሚመጣው የለም። የኔን የክርስትና ስም አሁን በሕይወት ካሉ ሰዎች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ስም ደግሞ ማንም አይጠራበትም። ሰው ራሱን መጥራት አይችልም። ሞክሬዋለሁ፤ ያሳቅቃል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ብርድ ልብስ ታጥባለች፤ ሳፋዋ አረፋ ብቻ ነው። አጥሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ቆርቆሮው የተቀደደበት፣ ድሮ እናቴ ጨው የምታቀብልበት ቦታ አለ።

«ስም ልሰጥሽ ነበር» አልኳት።

«የማን?»

«የኔ።»

ከሳፋው ላይ ቀና አለች። «ምነው፣ አመንሽ እንዴ?»

«አላመንኩም።»

«ታዲያ?»

«ከእናቴ ወዲህ የጠራኝ የለም» አልኳት።

እንደ ልማዷ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። እኔንም አየችኝ፣ እጇንም አየችው፤ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ቆዪ» አለችኝ። «እጄን ልታጠብ።»

ተነሳች። በንጹሕ ውሃ ተለቃለቀች፤ በሽርጧ ጣት በጣት እያደረገች አደረቀች፣ ጊዜ ወስዳ። ከዚያ ወደ ቀዳዳው መጣችና ጆሮዋን ሰጠችኝ።